በሥዕሉ መንገድ ላይ የሚመጣው ሰው

ሥራ የጀመርኩ ቀን የምጠብቃቸው ሴትዮ ልጅ ቤቱን እያዞረ አሳየኝ። መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን፣ እናቱ ተደግፈው የሚሄዱበትን ዎከር፣ ሻወር ውስጥ የሚይዙትን ብረት ካሳየኝ በኋላ ሳሎን ገብተን ከሶፋው ፊት ለፊት የተሰቀለ ሥዕል ሥር ቆመ።

“ይሄን አባቴ ነው የሣለው። እንግሊዝ አገር፣ ገና ወጣት እያለ። እናቴ ከዚህ ቤት ዕቃ ሁሉ ይሄን ነው የምትወደው። አቧራውንም ቢሆን አትንኪው፣ እኔ እጠርገዋለሁ” አለኝ።

እኔም አልነካሁትም። ይሄን አስቀድሜ መናገሬ ኋላ ስለሚጠቅም ነው።

ሥራዬ ሆም ሄልዝ ኤይድ ነው፣ የታመመ ሰው ቤቱ ሄዶ መርዳት። በዲቪ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ እንደመጣሁ ከከተማው ዳር ካናል ዊንቸስተር አካባቢ መጋዘን ገብቼ ነበር፤ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ሥልጠናውን ወስጄ አዛውንት ወደ መንከባከቡ ዞርኩ። ባለቤቴ ትራክ ስለሚነዳ ሳምንቱን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እኛ የምንኖረው ዋይትሆል በሚባለው ሰፈር አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ የሴትዮዋ ቤት ደግሞ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ የድሮ የጡብ ቤቶች ያሉበት ጸጥ ያለ ሰፈር ነበር። ስማቸውን ብቻውን መጥራት አፌ ስላልለመደው እትዬ አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። “ለታላቅ ሴት የሚባል ነው” ስላቸው ደስ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ በስማቸው ብጠራቸው ዞር ብለው አያዩኝም ነበር።

እትዬና ባለቤታቸው የአንድ የእንግሊዝ መንደር ልጆች ናቸው። ተጋብተው ኮሎምበስ መጡ፤ ሰውየው በሕይወት እያሉ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ንድፍ ይሠሩ ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ሥዕል ይሥሉ ነበር። የኦሃዮ ጎተራ፣ አበባ፣ የወንዝ ዳር የሣሉበት ብዙ ሸራ ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ተደርድሯል። ሳሎን የተሰቀለው ግን የመጀመሪያው የዘይት ቀለም ሥዕላቸው ብቻ ነበር።

ሥዕል ከዚያ በፊት እንዲያ ተቀምጬ አይቼ አላውቅም፤ እትዬ ሲያንቀላፉ ግን ሌላ የማየው ስለሌለኝ ለመድኩት። ዝቅ ዝቅ ያሉ ኮረብታዎች አሉ። እርሻው በቁጥቋጦ አጥር ተከፋፍሏል። አንድ ጠባብ የጋሪ መንገድ ከላይ ተነስቶ በሁለት አጥር መሀል እየተጠማዘዘ ወደ ተመልካቹ ይወርዳል። መንገዱ መሀል ላይ ሲደርስ አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ ወደ ውስጥ ገብቶ ግማሹን ይሸፍነዋል። በቀኝ በኩል የአንድ ቤት የጣሪያ ጥግ ትታያለች። ከግማሽ በላይ የያዘው ሰማይ ነው፣ ሊዘንብ የደረሰ ሰማይ። ሰው የለበትም። እንዲያ ያለ ለምለም መሬት ላይ አንዲት ላም እንኳ አለመኖሯ ይገርመኝ ነበር።

በመጸው፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ከሳሎኑ መስኮት ውጭ የነበረውን ትልቅ ዛፍ የከተማው ሰዎች መጥተው ቆረጡት። ነፍሳት በልተው አድርቀውት ነበር። ያ ጨለማ የነበረ ሳሎን ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ተሞላ። እኔ ደስ አለኝ። እትዬ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ሻያቸውን እየጠጡ ሳለ ስኒውን አስቀመጡና፣

“ማነው እሱ?” አሉኝ።

“የቱ?”

“መንገዱ ላይ ያለው።”

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ፤ ማንም የለም። እሳቸው ግን የሚያዩት ሥዕሉን ነበር።

“እዚያ ላይ ሰው የለም እትዬ” አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። ውሸት የተናገረ ልጅ እንደሚታይ ዓይነት አስተያየት ነበር። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ተመለሱ።

የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ ሥልጠናው ላይም እንዲህ ያለው ነገር እንደሚመጣ ተነግሮናል። አትከራከሩ፣ ወደ ሌላ ወሬ ውሰዷቸው ነው የሚሉት። እኔም ስለ ወፍ፣ ስለ ምሳ ማውራት ጀመርኩ። ግን በማግሥቱ ያው ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ስትወጣ፣ እንደገና መጣባቸው። “ዛሬ ቀረብ ብሏል” አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያሉት፣ ሰው እንዳይሰማ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ እጄን ያዙኝና፣ “እሳቱ ተያይዟል?” አሉኝ።

“ተያይዟል” አልኩ።

“ዶሮዎቹስ ገብተዋል?”

“ገብተዋል እትዬ።”

“ትንንሾቹስ?”

ትንንሾቹ እነማን እንደሆኑ አላውቅም። “ደህና ናቸው” አልኩ። የእጄን አንጓ የያዙበት ጣት እንደ ሽቦ ነበር፤ ከለቀቁኝ በኋላ ቀይ መስመር ቀረ። ያን ቀን ወጥ ቤት በር ኋላ ተደብቀው አገኘኋቸው፣ ዎከራቸውን ትተው፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው፣ ልብሳቸው ርሶ። የሰማንያ ዓመት አሮጊት እንደዚያ ስትፈራ ማየት ከባድ ነገር ነው። እያጠብኳቸው፣ እያለበስኳቸው፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራሁ እኔም ደጋግሜ ወደ ሳሎኑ በር እያየሁ ነበር።

ልጃቸው ፖላሪስ የሚባል ሰፈር ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ኮል አደረግኩለት።

“በሽታው ነው” አለኝ፤ የደከመው ድምፅ ነበር። “ዶክተሩ ነግሮናል። ብቻ አብረሻት አትፍሪ። አንቺ ከፈራሽ እሷ ታምናለች።”

ማታ ቤት ስገባ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እሷም ዌስተርቪል አንዲት አሮጊት ትጠብቃለች። “ቢስሚላሂ ብለሽ ግቢ” አለችኝ። “የሰው ምስል ያለበት ቤት እኮ ሁልጊዜም ይከብዳል።”

“የሰው ምስል የለበትም እኮ፤ ችግሩ እሱ ነው” አልኳት።

በረዶ ከጣለ በኋላ ነው እኔ ራሴ ያየሁት። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይዋ ከደጁ በረዶ ላይ ተመልሳ ሳሎኑን አብርታው፣ እትዬ አንቀላፍተው፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ፎጣ አጥፋለሁ። ቀና ስል ቁጥቋጦው ውስጥ ባርኔጣ አየሁ።

እጄ ላይ ያለውን ፎጣ ይዤ ቀረሁ። ባርኔጣው፣ ከሥሩ ፊት የሚመስል የደበዘዘ ነገር፣ ከዚያ ትከሻ። ወደ ፊት ያዘነበለ ትከሻ፣ እንደሚቸኩል ሰው። ተነስቼ ጠጋ አልኩ፤ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው። ወደ ሶፋው ተመለስኩ፤ ሰውየው አለ። እንደገና ጠጋ አልኩ፤ የለም። ፎጣውን መሬት ጥዬ ወጥ ቤት ገባሁና ጀርባዬን ፍሪጁ ላይ አስደግፌ ቆምኩ።  የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመርኩ፣ አንዱንም አልጨረስኩትም።

ለማንም አልተናገርኩም። ለልጃቸው ምን ብዬ ልንገረው? የመርሳት በሽተኛ የምታየውን እኔም አየሁ የምትል ኤይድ ላይ ማን እናቱን ይጥላል? ከዚያ በላይ የፈራሁት ግን ራሴን ነው። ዘመድ በሌለበት አገር፣ ባሌ መንገድ ላይ፣ አእምሮዬ ቢነካ ማን ያውቅልኛል እያልኩ ስነዳ ቀይ መብራት ላይ ከአንዴም ሁለቴ ከኋላዬ ጡሩምባ ተነፋብኝ።

በማግሥቱ ከቁም ሣጥን አንሶላ አውጥቼ ሥዕሉን ሸፈንኩት። መልካም ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። እትዬ ከመኝታ ቤት ወጥተው ሲያዩት መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

“ለምን ሸፈንሽው?”

“እንዳያስፈራዎት ብዬ ነው።”

“አሁን የት እንደደረሰ አይታየኝም” አሉ።

አንሶላውን አወረድኩት። ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ባዞረውም አንገታቸውን እያጠማዘዙ ወደ ኋላ ያዩ ነበር። እኔም ከእሳቸው ጋር አያለሁ። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ሰውየው ጨምሮ ይታያል፤ መጀመሪያ ትከሻው፣ ከዚያ ደረቱ፣ ከዚያ በብብቱ የያዘው ዱላ። ደመና ሲሆን ቁጥቋጦ ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ሰማዩን አያለሁ፤ ከደመነ ተመስገን እላለሁ። ኦሃዮ ውስጥ በክረምት ደመና እንዲሆን የምትለምን ሴት ከእኔ በቀር ያለች አይመስለኝም።

ያ ቀን ግን ጠራ። ልብስ ከማጠቢያው ወደ ማድረቂያው ለማዞር ቤዝመንት ወርጄ ስመለስ የቤቱ አየር ቀዝቅዟል። የፊት ለፊቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዎከራቸው በሩ አጠገብ ቆሟል፣ እሳቸው የሉም። በረዶው ላይ የነጠላ ጫማ ዱካ አለ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። ዱካው የእግረኛው መንገድ ላይ ሲደርስ ጠፋኝ፣ ምክንያቱም በረዶው ተጠርጓል። ወደ ግራ ሮጥኩ፣ ተመለስኩ፣ ወደ ቀኝ ሮጥኩ። ያገኘኋቸው ከሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ የሰው ግቢ አጥር የሆነ ቁጥቋጦና የቆመ መኪና መሀል ቁጢጥ ብለው ነው። የሌሊት ልብስ ብቻ ለብሰዋል። አንዱ እግራቸው ባዶ ነበር። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል።

“እትዬ!”

“ዝም በይ” አሉኝ። “ይሰማል።”

ኮቴን አውልቄ ጠቀለልኳቸው፣ እግራቸውን ሹራቤ ውስጥ ከተትኩ፣ አምቡላንስ ለመጥራት ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። ለኦፕሬተሯ አድራሻውን ስናገር በእጃቸው አፌን ይሸፍኑኛል። እጃቸውን እያነሳሁ መናገር፣ እሳቸው እየመለሱ መሸፈን። ከዚያ ስልኩን ይዤ አብሬያቸው ቁጢጥ አልኩ፤ አምቡላንሱን መጠበቅ ብቻ ቀረን።

ከመንገዱ ጫፍ አንድ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ታየኝ። ውሻውን የሚያንሸራሽር የሰፈር ሰው ነው፤ ውሻውንም ማሰሪያውንም አያለሁ። የሥዕሉ ሰው እንዳልሆነ በደንብ አውቃለሁ። ተነስቼ እርዳን ማለት ነበረብኝ። ግን እትዬ ጉልበቴን ጭምቅ አድርገው ይዘው፣ ትንፋሻቸውን አቁመዋል፤ እኔም ትንፋሼን አቆምኩ። ሰውየው አጠገባችን ደርሶ ጎንበስ ብሎ “ደህና ናችሁ?” እስኪለን ድረስ አንድም ቃል አልወጣኝም።

ሆስፒታል ልጃቸው መጣ። ሐኪሞቹ ሙቀታቸው እየተመለሰ እንደሆነ፣ ጣቶቻቸውም እንደሚተርፉ ነገሩት። ኮሪደር ላይ ወጣን።

“እንዴት ወጣች?” አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ቤዝመንት መውረዴን፣ ዱካውን፣ ዶሮዎቹን፣ አንሶላውን። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ያን ያህል ከተሸከምኩት በኋላ አፌ ሊያርፍ አልቻለም። “ሰውየውን እኔም አየዋለሁ” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሥራዬ አለቀ አልኩ በልቤ።

“ነገ አሳዪኝ” አለ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ እናቱ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ደመና ነበር። ምንም የለም። ሰዓቱን እያየ፣ እግሩን እያወዛወዘ ጠበቀ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ በመስኮት ሰማዩን አያለሁ። ባይታይ እብድ ነኝ፤ ቢታይ ደግሞ ሰውየው እውነት ነው። የትኛውን እንደምለምን አላወቅኩም። ከዚያ ደመናው ተገለጠና ፀሐይ በመስኮቱ ገባች።

ልጃቸው ቀስ ብሎ ተነሳ። 

“በምንድነው የጠረግሽው?” አለኝ።

“አልነካሁትም።”

“እውነቱን ንገሪኝ። በውኃ ነው? በሳሙና?”

“በልጆቼ አልነካሁትም” አልኩት። ልጅ የለኝም፤ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። 

ሥዕሉን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ዳውንታውን የድሮ ሥዕል ወደምታድስ ሴት ዘንድ ወሰድነው። ያየሁትን በአፌ እንድነግራት ብሎ እኔንም ይዞኝ ሄደ።  ሥዕሉ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል፤ እኔ በመስታወት ወደ ኋላ ላለማየት ስልኬን አገላብጥ ነበር።

ሴትየዋ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ዝግ ብላ የምትናገር ናት። መብራት ከጎን አበራችበት፣ በመነጽር አየችው፤ ከዚያ ከቀለሙ ሥር ያለውን በሚያሳይ ካሜራ አንስታ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። ቁጥቋጦው ጠፍቶ ሰውየው ሙሉ ሆኖ ቆሟል። ባርኔጣው፣ ዱላው፣ ጭቃ የነካው ቦት ጫማው። ፊቱ ሦስት አራት የብሩሽ ጭረት ብቻ ነው፤ ግን ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማወቅ ያ ይበቃል።

“ማንም አልጠረገውም” አለች፤ እኔን እያየች ነው ያለችው። “ሠዓሊው መጀመሪያ ሰውየውን ሥሎ፣ ኋላ ቁጥቋጦ ደረበበት። የዘይት ቀለም ሲያረጅ ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው ቀስ እያለ ይወጣል። ምናልባት ከታየ ዓመታት ሆኖታል። ቤቱ ጨለማ ነው?”

“ዛፍ ነበር። በመጸው ተቆረጠ” አልኳት።

“እንግዲያው እሱ ነው። ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው ጎልቶ ይታያል። በክረምት በየቀኑ የምትገባበት አቅጣጫ ስለሚለወጥ ደግሞ የሚቀርብ ሊመስል ይችላል።”

ልጃቸው እንደ መሳቅ አለ። እናቱ ባዶ ነገር አላዩም፣ እኔም አላበድኩም። እኔ ግን አልሳቅኩም። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ገና እየመጣ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ እትዬ አእምሯቸው ጥርት ያለበት ቀን ነበር፤ ትራስ ተደግፈው ሻይ ይጠጣሉ። ልጃቸው አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ጠየቃቸው።

“እማዬ፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ማነው?”

“አባቴ ነዋ” አሉ፤ ስለ አየር ጠባይ የተጠየቁ ይመስል።

ከዚያ ነገሩን። አባታቸው ሲመሽ ጠጥቶ በዚያ መንገድ ነበር የሚመጣው። የልጆቹ ታላቅ ስለነበሩ መንገዱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ባርኔጣው ከታየ ለእናታቸው ሮጠው ይነግራሉ፤ እሳቱ መንደድ አለበት፣ ዶሮዎቹ መግባት አለባቸው፣ ትንንሾቹ አልጋ ሥር መግባት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ዱላው ይነሳል። “አባትህ ያኔ ይህን አያውቅም። መንገድ ላይ የሚመጣ ሰው አየ፣ ሣለው። ለሠርጋችን ብሎ ሲያመጣልኝ፣ እሱ ካለበት ቤቴ አይገባም አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። እዚያው ቆሞ ቁጥቋጦ ሣለበት።”

“አያትህ ደግ ሰው ነበር ብለሽ አይደል ያሳደግሽኝ?” አላቸው ልጃቸው።

“ሞቶ ነበራ” አሉ። “የሞተ ሰው ደግ ነው።”

ልጃቸው ከአልጋው ጫፍ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። እኔ ስኒውን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

ሥዕሉ እንዲጣል አልፈለጉም። “የባሌ እጅ ነው” አሉ። ቁጥቋጦው እንዲመለስ ብቻ ነው የጠየቁት። ሥዕል የምታድሰው ሴትም በኋላ ቢፈለግ የሚነሳ ቀለም ደርባ ሸፈነችው፤ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ወደ ቤት መጣ። ሰቀልነውና ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተቀምጠን ፀሐይዋን ጠበቅን። ገባች። መንገድ፣ ኮረብታ፣ ሰማይ፣ ቁጥቋጦ። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት፤ ሰውየው የለም።

እትዬ ለረጅም ጊዜ አዩት።

“ጥሩ ቁጥቋጦ ነው” አሉ።

ልጃቸው ትንፋሹን ለቀቀ።

“አሁን ከኋላው ነው ያለው” አሉ ቀጥለው።

ልጃቸው ሊያወርደው ብድግ ሲል በእጃቸው ከለከሉት። እንደ ድሮው አልተንቀጠቀጡም። ወደ እኔ ዞሩና፣ “አንቺም ታውቂያለሽ፣ አይደል?” አሉኝ።

የለም ማለት ነበረብኝ፤ ሥልጠናውም የልጃቸውም ምክር ያ ነው። “አውቃለሁ እትዬ” አልኩ።

“እንግዲያው ሁለት ሆነን እንጠብቀዋለን” አሉና ሻያቸውን አነሱ።

እንደዚያ አድርገን ጠበቅነው። እሳቸው ሲያንቀላፉ እኔ አያለሁ፤ እኔ ምሳ ስሠራ እሳቸው ያያሉ። ከዚያ በኋላ አልሮጡም፣ በር ኋላም አልተደበቁም። ሰመር ሲገባ አልጋቸው ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዟቸው አረፉ።

ቤቱ ሲራገፍ ልጃቸው ጠርቶኝ ከዕቃው የምፈልገው ካለ ጠየቀኝ። ቀጥሎም ሥዕሉን እያየ፣ “ምናልባት እሷ ለአንቺ እንዲሆን ትወድ ነበር” አለ።

“አልችልም” አልኩት። “እፈራዋለሁ።”

አልሳቀብኝም። ካናል ዊንቸስተር ወዳለው ወደ ራሱ ቤት ወሰደው። በቅርቡ ደውሎልኝ ስናወራ የት ሰቀልከው ብዬ ጠየቅኩት። ጋራዥ ውስጥ ነው አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ቀጥሎም፣ ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ጋራዥ ሳያስገባ ደጅ አቁሞ በፊት ለፊት በር እንደሚገባ ነገረኝ።